የኦልድ ፖርት የአማርኛ ድምፅ

ወንድሜነህ ኳስን መጀመሪያ የወደዳት በጆሮው ነው። ተወልዶ ያደገው ኮምቦልቻ ሲሆን አባቱ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ዘበኛ ነበሩ። እሑድ ከሰዓት በዘበኛ ቤቱ መስኮት ላይ ትንሽ ሬዲዮ ያስቀምጣሉ፤ ከፈረቃ የወጡ ሠራተኞች ይከቧትና ከአዲስ አበባ ስታዲየም የሚተላለፈውን ጨዋታ ቆመው ያዳምጣሉ። ከመካከላቸው ስታዲየሙን በዓይኑ ያየ አንድም ሰው አልነበረም። ያም ሆኖ ኳሷ በቀኝ መስመር ሄደች ሲባል ሁሉም አንገታቸውን ወደ ቀኝ ያዞራሉ፤ ተሻማች ሲባል ትንፋሻቸውን ይይዛሉ። ወንድሜነህ አድጎ አዲስ አበባ ሲሄድ ስታዲየሙን አየውና ትንሽ ቅር አለው። በሬዲዮ የሰማው ከዚያ ይሰፋ ነበር።

ዲቪ ደርሶት አሜሪካ ከገባ ሃያ ዓመት አልፎታል። መጀመሪያ በዋና ከተማዋ፣ አዳምስ ሞርጋን በሚባል ሰፈር ውስጥ የመኪና ማቆሚያ ሠራተኛ ነበር፤ በኋላ ከወንዙ ማዶ ያለችው አሌክሳንድሪያ ገብቶ የትምህርት ቤት አውቶቡስ መንዳት ጀመረ። ሥራው ተስማማው። ጠዋት ልጆቹን ያደርሳል፣ ከሰዓት ይመልሳል፣ ምሽቱና ቅዳሜው የራሱ ነው። ባለቤቱ ስሂን በአንድ የአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ ረዳት ነርስ ናት። አንድ ልጃቸው ኤፍራታ ሪችመንድ ኮሌጅ ገብታለች።

ቅዳሜ ጠዋት ስሂን ሥራ ስትገባ እሱ ቤልትዌይ የሚሉትን የቀለበት መንገድ ይዞ ሲልቨር ስፕሪንግ ይሄዳል። እዚያ የደሴው ልጅ ሀቢብ ምግብ ቤት አለው። የእንግሊዝ ሊግ ጨዋታ ባለበት ጠዋት ሀቢብ በሩን ቀደም ብሎ ይከፍታል፤ ከሌሊት ሺፍት የወጡና ገና ሥራ የሚገቡ ሰዎች እዚያ ይገናኛሉ። አንድ ቀን ከባድ ጨዋታ መሀል ላይ የቴሌቪዥኑ ድምፅ ጠፋ። ሀቢብ ወንበር ላይ ወጥቶ ገመድ ሲነካካ፣ ቤቱም ሲያጉረመርም፣ ወንድሜነህ ከተቀመጠበት ሳይነሳ ቀስ ብሎ ጀመረ።

«ኳሷ መሀል ሜዳ ላይ ናት። ጥቁር ጫማ ያደረገው ተቀብሏታል፤ ቀና ብሎ አየ፤ የሚያቀብለው ሰው አጣ፤ ወደ ኋላ መለሳት…»

አጠገቡ ያሉት ሳቁ። ቀጥለው ወደ እሱ ጠጋ አሉ። ግብ ተቆጥሮ ቤቱ ሲነቃነቅ ድምፁ መመለስ አለመመለሱን የጠየቀ ሰው አልነበረም። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሀቢብ ድምፁን ራሱ አጠፋውና ወደ ወንድሜነህ ዞሮ፣ «በል እንግዲህ» አለው። ከዚያ ወዲህ ልማድ ሆኖ ቀረ።

ጄና የመጣችው እንዲህ ባለው ቅዳሜ ነው። ቀይ ፀጉሯን ወደ ኋላ የጠቀለለች ወጣት አሜሪካዊት ናት። ጥግ ይዛ ፍርፍር አዘዘች፤ ከፍርፍሩ ይልቅ ግን ሰዉን ስታይ ቆየች። ሀቢብ ሻይ ሲያመጣላት ጠየቀችው።

«ያ ሰውዬ ምን እያለ ነው?»

«ጨዋታውን እየነገረን ነው።»

«ቴሌቪዥኑ አለ እኮ።»

«ቴሌቪዥኑማ ያሳያል፤ አይነግርም» አላት ሀቢብ።

ጨዋታው ሲያልቅ ወንድሜነህ ወዳለበት ጠረጴዛ መጥታ ራሷን አስተዋወቀች። ኦልድ ፖርት ለሚባል የአሌክሳንድሪያ ፕሮፌሽናል ቡድን ትሠራለች። ቡድኑ ከትልቁ ሊግ አንድ ደረጃ ዝቅ ብሎ ነው የሚጫወተው፤ የራሱ ስታዲየም ስለሌለው የአንድ ኮሌጅ ሜዳ ተከራይቷል። የእሷ ሥራ መቀመጫውን በሰው መሙላት ነው።

«ከዚህ ግማሽ ሰዓት መንገድ ላይ ሜዳችን ግማሹ ባዶ ነው» አለች። «እዚህ ደግሞ ሰው ወንበር አጥቶ ቆሞ ኳስ ያያል። ምክንያቱን ልትነግሩኝ ትችላላችሁ?»

የመለሰላት ንጋቱ ነው። ንጋቱ የኤርፖርት ታክሲ ሹፌርና የወንድሜነህ የቆየ ጓደኛ ሲሆን ስለ ኳስ ሲጠየቅ ወደ ኋላ የማይል ሰው ነው።

«የእናንተን ሊግ ኳስ ነው ለማለት ይቸግረኛል» አላት። «ወራጅ የለም። መጨረሻ የወጣ ቡድን በዓመቱ እዚያው ይጫወታል። ታዲያ ለምን ይጨነቃል? ባለቤቱም ሲሰለቸው እንደ ሱቅ ነቅሎ ሌላ ከተማ ይሄዳል። ልጆቻችሁ ሕፃን ሆነው ሁሉም ኳስ ይጫወታሉ፤ እንዳደጉ ግን በእጅ ወደሚጫወቱት ይሄዳሉ። ቆይ፣ ገና ብዙ አለኝ።»

ጄና አልተቀየመችም። «ልክ ነህ» አለች። «ግን ደግሞ እኔ ልጅ ሳለሁ በየከተማው የኳስ ሜዳ የሚባል ነገር አልነበረም። አሁን በየዓመቱ ይሠራል። ዘንድሮ ያልመጣ ሰው በሚቀጥለው ዓመት ይመጣል እያልን ነው የምንኖረው።» ከዚያ ወደ ወንድሜነህ ዞረች። «ጨዋታችንን በእንግሊዝኛና በስፓኒሽ በስልክ እናስተላልፋለን። በአማርኛ ታስተላልፍልናለህ?»

ወንድሜነህ ቀልድ መስሎት ነበር። «ማን ይሰማኛል?» አላት።

«አላውቅም» አለች። «ለዚያ ነው መሞከር የምፈልገው።»

ማታ ለስሂን ሲነግራት ልብስ እያጣጠፈች ነበር። እጇን አላቆመችም። «አንተ በነፃም ስታወራ ነው የምትውለው» አለችው። ከዚያ ግን ካቆየችለት ሸሚዞች አንዱን ለብቻው አወጣችና፣ «ይኼን ልበስ፤ ሰው ባያይህም» አለችው።

ከመጀመሪያው ጨዋታ በፊት ልምምድ ላይ እየሄደ ተጫዋቾቹን አጠና። ስማቸው በአማርኛ ምላስ ላይ አልመች ሲለው ቅጽል አወጣላቸው። ከኦሃዮ የመጣውን ቁመተ ረጅም ተከላካይ «ግንቡ» አለው። ሁልጊዜ እጁን እያጨበጨበ የሚጮኸውን ግብ ጠባቂ «አጨብጫቢው» አለው። ዊልመርን ግን በስሙ ተወው። ዊልመር ወላጆቹ ከኤል ሳልቫዶር የመጡ፣ እዚያው አሌክሳንድሪያ ውስጥ ያደገ የግራ መስመር ተጫዋች ነው፤ ደቃቃ፣ ሹልክ የሚል፣ ኳስ ሲነጠቅ እንደ ተበደለ ሰው ሁለት እጁን የሚዘረጋ። ስሙ ለጥሪ የተሠራ ይመስላል፤ «ዊል» ላይ አንሥቶ «መር» ላይ መጣል ነው።

የማስተላለፊያው ክፍል ከመቀመጫው ጀርባ የቆመች የእንጨት ቤት ናት። ወንድሜነህ ማይክራፎኑ ፊት ተቀመጠ። ስለ ሊጉም ስለ ተጫዋቾቹም ያዘጋጀው ሁሉ ጠፋበት። ስለዚህ የሚያየውን መናገር ጀመረ። በስተግራ ረጃጅም ዛፎች እንዳሉ፣ ከዛፎቹ ጀርባ ባቡር እንደሚያልፍ፣ ፀሐይዋ ወደ ቀኝ ስለምታዘቀዝቅ በዚያ በኩል ያለው ግብ ጠባቂ ዓይኑን በእጁ እየከለለ መቆሙን ነገረ። ኳሱ ሲጀመር ተረጋግቶ ነበር። ኦልድ ፖርት ሁለት ለባዶ ተረታ። ሲጨርስ ጄና ስልኳን አሳየችው፤ የሰሙት ሰዎች ሃያ አይሞሉም።

«አንዷ ሚስቴ ናት» አላት።

«እንግዲያው ከእሷ እንጀምራለን» አለች ጄና።

በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት እየተጨመረ መጣ። የኤርፖርት ሹፌሮች ተራ ሲጠብቁ ያዳምጡት ጀመር፤ ንጋቱ ከሰደባቸው በኋላ እሱም አብሯቸው ሰማ። መኪና ማቆሚያ ውስጥ የሚሠሩ፣ ሆቴል የሚያጸዱ፣ ማታ ቢሮ የሚጠብቁ ሰዎች ጆሯቸው ላይ ሰክተውት ይሠራሉ። አንዲት ሴት ከሚኒሶታ መልእክት ላከች፤ ቡድኑን አላውቀውም፣ ግን ግንቡ ጉልበቱን ተሻለው ወይ ብላ ጠየቀች። ወንድሜነህ ይህን በማስተላለፊያው ላይ አነበበው። ግንቡ ራሱ በሦስተኛው ቀን ነገሩን ሰምቶ ልምምድ ላይ መጣና፣ በአማርኛ ምን ብለህ ነው የምትጠራኝ አለው። ሲተረጎምለት ደስ አለው፤ ከዚያ በኋላ ልጁን ይዞ በመጣ ቁጥር «ግንቡ፣ ግንቡ» እያለ ያስተምረው ነበር።

የበላይ ኃላፊዎቹ ግን አድማጭ አልነበረም የሚቆጥሩት። በነሐሴ መጀመሪያ ጄና ወደ እንጨት ቤቷ መጣችና በሩ ላይ ቆመች። «ስብሰባ ላይ ሁሉም ሥራህን ወደውታል» አለችው። «ከዚያ ደግሞ ከሚሰሙት ውስጥ ሜዳ የሚመጡት ስንት ናቸው ብለው ጠየቁኝ። የምመልሰው አጣሁ።»

ወንድሜነህ በሚቀጥለው ጨዋታ እረፍት ላይ ለአድማጮቹ እንዲህ አለ፦ «እስካሁን እኔ ቤታችሁ፣ መኪናችሁ ውስጥ መጥቻለሁ። የሚመጣው ቅዳሜ ደግሞ እናንተ ወደ እኔ ኑ። ዛፎቹን ዋሽቼ እንደሆነ ታያላችሁ።»

ሀቢብ አውቶቡስ አዘጋጀ፤ ንጋቱ ኤርፖርት ያሉትን ሹፌሮች አንድ በአንድ አሳመነ። ቅዳሜ ሲደርስ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ከኮሎምቢያ ሃይትስ፣ ከአሌክሳንድሪያም ቤተሰብ ቤተሰቡን ይዞ መጣ። ችግሩ በር ላይ ነው የተፈጠረው። እናቶቹ ለልጆቻቸው፣ ለባሎቻቸውና ለጎረቤት ሁሉ የሚበቃ ምግብ ይዘው ነበር። ጥበቃው ምግብ ይዞ መግባት ክልክል ነው አላቸው። መጣል ነውር ነው፤ ወደ መኪና መልሶ መቆለፍም ለቀኑ ሙቀት የሚሆን አይደለም። ሀቢብ ትንሽ አሰበና ሁሉንም ወደ መኪና ማቆሚያው መለሳቸው። እዚያ የቡድኑ የቆዩ ደጋፊዎች የመኪናቸውን ኋላ ከፍተው ሥጋ እየጠበሱ ቢራ ይጠጡ ነበር፤ የአገሩ ልማድ ነው፣ ከጨዋታ በፊት እንዲያ ነው የሚያደርጉት። ሀበሻውም አጠገባቸው ዘርግቶ በላ። አንዱ ጢማም ደጋፊ በአልጫና በክትፎ መካከል ያለውን ልዩነት ሲጠይቅ፣ አንዷ እናት በቃል መንገሩን ትታ ሁለቱንም አጎረሰችው።

በዚህ ሁሉ መሀል ጨዋታው ተጀመረ፤ የመጀመሪያዋ ግብም አመለጠቻቸው። ከእንጨት ቤቷ ሆኖ ወንድሜነህ የደጋፊውን ጎን ያያል፤ ሰው የለም። «አድማጮቼ» አለ በማይክራፎኑ፣ «ዊልመር አግብቷል፤ እናንተ ደግሞ የት ናችሁ?» ከመኪና ማቆሚያው ስልካቸውን የከፈቱ ሰዎች ይህን ሰምተው ሲሮጡ መጡ። በር ላይ አንድ ላይ ሲግተለተሉ ቀሪው ሕዝብ ምን መጣ ብሎ ዞሮ አየ። ከዚያ በኋላ ግን ሜዳው ሌላ ሜዳ ሆነ። ኦልድ ፖርት አቻ ወጣ፤ ንጋቱም የመስመር ዳኛውን በአማርኛ ሲወቅሰው አመሸ። ሲወጡ ፊቱን ወደ ወንድሜነህ ሳያዞር፣ «ያ የግራ መስመሩ ልጅ ኳስ ያውቃል» አለ። ይህ ከንጋቱ አፍ ትልቅ ነገር ነው። በሳምንቱ ለሚመጣው ዓመት ቋሚ ትኬት ተመዘገበ፤ ጓደኞቹንም አስመዘገበ።

የመጨረሻው የሜዳቸው ጨዋታ ዕለት ወንድሜነህ ቀደም ብሎ ደረሰ። ጄና መኪና ማቆሚያው ውስጥ ቆማ ጠበቀችው። ፊቷን ሲያይ ጥሩ ነገር እንዳልሆነ ገባው።

«ቡድኑ ተሽጧል» አለችው። «በደቡብ በኩል ያለ አንድ ከተማ አዲስ ስታዲየም ሊሠራ ቃል ገብቷል። እዚህ የራሳችን ሜዳ እንዲኖረን አምስት ዓመት ለመንን፣ አልሆነም። ኪራዩም እያደር ከበደ። ከሚመጣው ዓመት ጀምሮ ስሙም ከተማውም ሌላ ነው።»

«ልጆቹ ያውቃሉ?»

«ሰኞ ይነገራቸዋል። ከዛሬው ጨዋታ በፊት እንዲሰሙ አልተፈለገም። አንተ ግን ከሌላ ሰው እንድትሰማው አልፈለግኩም።»

«ደጋፊውስ?» አላት።

ጄና ጫማዋን አየች። «ደጋፊው በስልክ ማየት ይችላል ነው የሚሉት።»

ጨዋታውን ሲያስተላልፍ አንዳችም አልተናገረም። ታች ሜዳው ላይ የሚሮጡት ልጆች ያልሰሙትን ነገር እሱ በአማርኛ ለሰው ማሰማት ነውር መሰለው። ዊልመር የማዕዘን ምት ሊመታ ኳሷን ሲያስቀምጥ፣ ግንቡ ወደ ፊት ወጥቶ ዝላይ ሲጠብቅ፣ አጨብጫቢው ሲጮህ ሁሉንም ከወትሮው ዘርዘር አድርጎ ነገረ። ኦልድ ፖርት ሦስት ለአንድ አሸነፈ። ሁልጊዜ ሲጨርስ «የዛሬ ሳምንት በዚሁ ሜዳ ያገናኘን» የሚል አባባል ነበረው። ያን ዕለት አላለውም። «አመሰግናለሁ፤ ሰላም ሁኑ» ብሎ ማይክራፎኑን ዘጋ።

ሰኞ ዜናው ወጣ። ማክሰኞ ማታ ንጋቱ ቤቱ መጣ። አልተቀመጠም።

«ታውቅ ነበር?»

«ቅዳሜ ነው የሰማሁት፤ ጨዋታው ሊጀመር ሲል።»

«አውቀህ ታዲያ ሁለት ሰዓት ሙሉ ግንቡ፣ ዊልመር ስትለኝ ዋልክ። እኔ እኮ ሰው አሳምኜ ነው ያስመዘገብኩት። አሁን ኤርፖርት ስገባ ምን ልበላቸው? መጀመሪያ ያልኩትን፣ ነቅለው ይሄዳሉ ያልኩትን ራሴው ረስቼ ሰው አስከተልኩ።»

«ልጆቹ አልሰሙም ነበር፣ ንጋቱ። ከእኔ መስማት አልነበረባቸውም።»

«እኔስ?» አለ ንጋቱ። ወንድሜነህ ወንበር ሳበለት። ጓደኛው በሩን ቀስ ብሎ ዘግቶ ሄደ፤ በኃይል ቢዘጋው ይሻል ነበር።

የበረዶው ክረምት ገባ። ቅዳሜ ቅዳሜ ሀቢብ ዘንድ መሄዱን አልተወም፤ ግን ሀቢብ ሪሞቱን አንሥቶ «ድምፁን እናጥፋው?» ሲለው፣ «ዛሬ ይቅር፣ ጉሮሮዬን አሞኛል» ይላል። የጉሮሮው ሕመም ሁለት ወር ቆየ። ንጋቱም ሌላ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል። ስሂን ባሏን ታየዋለች፤ እራት ላይ ስለ አውቶቡሱ ፍሬን ብቻ የሚያወራ ሰው ሆነ።

አንድ እሑድ ከቅዳሴ ሲመለሱ፣ «ዛሬ ኦፍ ነኝ፤ ግን ሥራ ቦታዬ ልውሰድህ» አለችው።

«ምን ልሠራ?»

«ስላንተ የሚጠይቅ ሰው አለ።»

ከአረጋውያኑ አንዱ አቶ ገብረየስ ዘጠና ዓመት ሊሞላቸው የቀረበ፣ በወጣትነታቸው ጎንደር ውስጥ የጂኦግራፊ መምህር የነበሩ ሰው ናቸው። ዓይናቸው ከደከመ ቆይቷል። ልጆቻቸው ካሊፎርኒያ ስለሚኖሩ ከስሂን በቀር በአማርኛ የሚያናግራቸው አልነበረም። ስሂን ቅዳሜ ማታ የባሏን ሥርጭት በስልኳ ከፍታ አልጋቸው ጎን አስቀምጣ ሥራዋን ትሠራ ነበር፤ ይህን ለባሏ ነግራው አታውቅም። እንዲያስበው፣ አስቦም ድምፁ እንዲለወጥ አልፈለገችም።

«አባባ፣ ያ የኳሱ ሰው መጥቷል» አለቻቸው።

ሽማግሌው እጃቸውን ዘረጉ፤ ወንድሜነህም ዝቅ ብሎ ሳመ። «እንዴት ከረሙ?» አለ።

«እኔማ ደህና ነኝ። አንተ ነህ የጠፋኸው» አሉ። «መጨረሻ ቀን ሳምንት ያገናኘን ሳትል ዘጋህ። ለስሂን፣ ይኼ ልጅ አንድ ነገር ሆኗል ብያታለሁ።»

ስለ ቡድኑ መሸጥ ነገራቸው። አቶ ገብረየስ በጥሞና ሰሙት።

«ሜዳዋንም ይዘዋት ሄዱ?»

«ሜዳውማ የኮሌጁ ነው።»

«ደግ። እኔ ያችን ሜዳ አውቃታለሁ። ባቡሩ በምሥራቅ በኩል ነው የሚያልፈው፤ ፀሐይዋ በቀኝህ ስለምትገባ ደርሼበታለሁ። ልጆቹስ? ያ ሳልቫዶሩስ?»

«አንዳንዶቹ አብረው ሄዱ፤ አንዳንዶቹ ተሰናበቱ። ዊልመር እናቴን ትቼ አልሄድም ብሎ ቀረ። አሁን ቀን ቀለም ቅብ ይሠራል፤ እሑድ እሑድ ከሰፈሩ ልጆች ጋር ይጫወታል።»

«የት?»

«እዚሁ አሌክሳንድሪያ። ፎር ማይል ራን የሚባለው ወንዝ አጠገብ ያለው የሕዝብ ሜዳ ላይ።»

«ታዲያ እሱን ንገረኛ» አሉ ሽማግሌው፤ ነገሩ ግልጽ ሆኖ ሳለ እንዳልገባው ተማሪ እየቆጠሩት። «እኔ የአንደኛ ይሁን የአሥረኛ ዲቪዚዮን በምን አያለሁ?»

ወንድሜነህ በመኪና ሲመለሱ፣ ቤታቸው ሊደርሱ ሲል፣ «ስልኬ ላይ ማይክራፎን የሚሰካ ይመስልሻል?» አላት።

በመጋቢት አጋማሽ፣ ብርዱ ገና ሳይለቅ፣ ወንድሜነህ ታጣፊ ወንበር ይዞ ሜዳው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። መቀመጫ የለም፤ የእንጨት ቤት የለም፤ መረቡ ተቀዷል። የሳልቫዶር ሴቶች ከመኪና ኋላ ፑፑሳ የሚሉትን የበቆሎ ቂጣ ይሸጣሉ። ዊልመር አየውና እጁን አነሣ። ወንድሜነህም የሜዳው ሣር መሀሉ መላጣ መሆኑን፣ ወንዙ ከግቡ ጀርባ እንደሚሄድ፣ ኳስ ውኃው ውስጥ ስትገባ የሚያወጣ ሰው ረጅም ዱላ ይዞ እንደሚጠብቅ በመንገር ጀመረ። መጀመሪያ ቀን ልጆቹ ከበቡትና ሳቁበት። በሁለተኛው ሳምንት አንዷ ፑፑሳ ሻጭ መጥታ የልጇን ስም እንዲጠራላት ጠየቀችው፤ የትኛው ልብስ እንደሆነ ሳይቀር አሳየችው። አድማጩ ጥቂት ነበር፤ የሚኒሶታዋ ሴት ግን የመጀመሪያዋ ሆና ገባች።

ንጋቱ የመጣው በአራተኛው ሳምንት ነው። ዝናብ እያካፋ ነበር። ወንድሜነህ ከኋላው ሰው መቆሙን ያወቀው ጃንጥላ ራሱ ላይ ሲዘረጋ ነው። ማይክራፎኑ ክፍት ስለነበረ ማስተላለፉን ቀጠለ፤ ንጋቱም ጃንጥላውን ይዞ ቆመ። እረፍት ላይ ብቻ፣ «ያ የቀኝ ተከላካይ ዝም ብሎ ነው የሚሮጠው፤ ለምን አትናገረውም?» አለው።

«አንተ ንገረው» ብሎ ወንድሜነህ ማይክራፎኑን አቀበለው። ንጋቱ ማይክራፎኑን ይዞ ሁለተኛውን አጋማሽ ሙሉ ተናገረ። አቶ ገብረየስ በኋላ ለስሂን፣ አዲሱ ሰውዬ ቁጡ ነው፣ ግን ነገር ያውቃል ብለዋታል።

በዚያው ዓመት መኸር ላይ ያ ጢማም ደጋፊ፣ የዊልመር አጎቶች፣ ሀቢብና ንጋቱ ተሰብስበው አንድ ቡድን አቋቋሙ። ባለቤቱ አንድ ሰው እንዳይሆን፣ ማንም ብቻውን ሊሸጠው እንዳይችል ተስማምተው በአባልነት ያዙት። አራተኛ ደረጃ ላይ በሚገኝ የአካባቢ ሊግ ተመዘገቡ። ተጫዋቾቹ ደመወዝ የላቸውም፤ ግንቡ እንኳ ከሄደበት ከተማ ተሰናብቶ ሲመለስ ቀን መድኃኒት ቤት እየሠራ ነው የሚጫወተው። ኳስ በዚህ አገር ያድጋል ወይስ አያድግም የሚለው ክርክር ሀቢብ ዘንድ ዛሬም አላለቀም። ንጋቱ አሁንም ወራጅ የሌለበት ሊግ ሊግ አይደለም ይላል፤ የራሱ ቡድን ግን መጨረሻ ሆኖ ሲጨርስ ስለዚህ ጉዳይ ሳያነሣ ከረመ።

ጄና ባለፈው ሰኔ ደወለች። ከቡድኑ ጋር ሄዳለች። አዲሱ ስታዲየም ጥሩ ነው፤ መጀመሪያ ወር ሞልቶ ነበር፤ አሁን እየሳሳ ነው አለችው። እዚያ ብዙ የኮንጎ ሰዎች እንደሚኖሩና በስዋሂሊ የሚያስተላልፍ ሰው እንዳገኘች ነገረችው።

«ምን ልምከረው?» አለችው።

ወንድሜነህ አውቶቡሱን አቁሞ ልጆች እስኪወጡ እየጠበቀ ነበር። ትንሽ አሰበ። «ውጤቱን ቶሎ ቶሎ ይንገራቸው» አላት። «ዘግይቶ ስልኩን የሚከፍት ሁልጊዜ አለ። ደግሞም ተጫዋች ሲሳሳት አይሳቅበት፤ እናቱ ትሰማ ይሆናል።»

ጄና ይህን ስትጽፍ ተሰማው። ከዚያ የትምህርት ቤቱ ደወል ተደወለ፤ ወንድሜነህም ልጆቹ እየመጡ ስለሆነ ተሰናብቷት በሩን ከፈተ።